ድብና ሸርጣን በአንድ ሚዛን

ባለፈው ወር በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ምሽት ላይ አንድ ጨዋታ ተደርጎ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። የእንስሳት ስም በብጣሽ ወረቀት ላይ ይጻፍና ተጠቅልሎ ባርኔጣ ውስጥ ይጨመራል፤ ተራው የደረሰ ሰው ሁለት ወረቀት ያወጣል፤ ከዚያም ሁለቱን እንስሳት አነጻጽሮ ለአምስት ደቂቃ ይናገራል። ከእኛ በፊት የወጣችው ልጅ አንበሳና ነብር ደረሳትና ያለ ችግር ተወጣችው። ቀጥሎ የወጣው ፈረስና በቅሎ አወጣ፤ ስለ በቅሎ አባት ሁላችን የምናውቀውን ቀልድ ተናግሮ አዳራሹን አስቆ ወረደ። ለእኛ የደረሰን ድብና ሸርጣን ነው። ወረቀቶቹን ጮክ ብለን ስናነብ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ኧረ ምን አገናኛቸው!» ያለም ሰው ነበር።

እውነቱን ለመናገር እኛም የምንለው ጠፋን። አንዱ ትልቅ ነው አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጠጉራም ነው አንዱ ቅርፊታም፣ አንዱ ወደ ፊት ይሄዳል አንዱ ወደ ጎን፣ ይህንኑ ብለን አምስቱ ደቂቃ ሳይሞላ ላባችንን ጠርገን ወረድን። ጭብጨባውም የእግዜር ያጽናህ ዓይነት ጭብጨባ ነበር። ሌሊት ግን እንቅልፍ እምቢ አለን። የተወለድነው ግልገል በለስ ነው። ሸርጣን ለእኛ ከባርኔጣ የሚወጣ ቃል አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀው ጎረቤት ነው። ስለ እሱ መናገር የሚገባን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ግን ከአፋችን አልወጣ ያለ ነገር ነበር። ይህች ጽሑፍ ያንን ዕዳ ለመክፈል የተጻፈች ናትና ረዘመች ብላችሁ አትታዘቡን።

በድብ እንጀምር። በአገራችን ዱር ውስጥ ድብ የለም። ዛሬ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ሁሉ በዱር የሚኖር ድብ አይገኝም። በሰሜን አፍሪካ በአትላስ ተራሮች አንድ ዓይነት ቡናማ ድብ ነበር፤ እሱም በ19ኛው ምእተ ዓመት ገደማ አለቀ። ወደ ጥንቱ ከሄድን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በመካከለኛው አዋሽ ከአራት ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረ ደለል ውስጥ የድብ ወገን ቅሪት ተገኝቷል። ስለዚህ ድብ ለዚህች ምድር ባዕድ አልነበረም፤ ከሰው ዘር ቀደምቶች ጋር አንድ ሸለቆ ተጋርቶ ኖሯል።

ታዲያ ድብን አይቶ የማያውቅ ሕዝብ እንዴት ስሙን ያውቃል? ቃሉ የጥንት ነው፤ ግዕዙ ድብ ይላል፣ ዕብራይስጡ ዶብ፣ ዓረብኛው ዱብ። አውሬው ባይኖርም ስሙ በቋንቋችን ቀርቷል፤ መጽሐፍ ቅዱስም በየጊዜው አፉን ከፍቶ እንዲመጣብን አድርጎታል። ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲነሣ አንበሳና ድብ መግደሉን ይናገራል። ዳንኤል በራእዩ ድብ የሚመስል አውሬ ያያል። ሆሴዕም የቁጣን መጨረሻ ሊያሳይ ሲፈልግ ልጆቿን የተነጠቀች ድብን ይጠራል። በእኛ ቤት ግን ከሁሉ የበለጠ የታወቁት የኤልሳዕ ድቦች ነበሩ።

አያታችን በ1978 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ ወደ ጣና በለስ ከመጡት ሰዎች አንዷ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ በቤተ ክርስቲያን የሰሙትን ግን አንዲት ቃል አይጥሉም። በሽማግሌ ወይም በአካል ጉዳተኛ የሳቅን እንደ ሆነ ያስቀምጡንና ኤልሳዕን «አንተ መላጣ!» እያሉ ስለ ሰደቡት ልጆች ይነግሩናል። ከጫካው ሁለት ድቦች ወጡ፤ ከልጆቹም አርባ ሁለቱን ሰባበሯቸው። «ሁለት ብቻ ናቸው እኮ!» ይሉን ነበር ሁለት ጣታቸውን አንሥተው፤ «አርባ ሁለት ልጅ!» እኛም ድብ ምን እንደሚመስል ስለማናውቅ እንደ መሰለን እንሠራዋለን። ታናሽ ወንድማችን በደብተሩ ላይ ሲስለው የጎሽ ቀንድ፣ የጅብ አፍና የዝንጀሮ እጅ አድርጎለት ነበር። ማታ ሽንት ቤት ለመውጣት የምንፈራው ጅብን አልነበረም፤ ጅብማ በየቀኑ ሲጮህ እንሰማዋለን። የምንፈራው ድብን ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ድብን ያገኘነው አዲስ አበባ መጥተን ፒያሳ በአንድ ሱቅ መስተዋት ውስጥ ነው፤ ቀይ ልብ ታቅፎ ተቀምጧል። ያ አያታችን ሲያስፈራሩበት የኖሩት አውሬ ለካ ለፍቅረኛ ይሰጣል! ታሪኩን ብንፈልግ እንዲህ ሆኖ አገኘነው። በ1902 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ለአደን ወጥቶ ሳለ አጃቢዎቹ አንድ ድብ በውሾች አስከብበው፣ ደብድበው፣ ዛፍ ላይ አሰሩና ተኩስ አሉት። የታሰረ አውሬ መግደል አዳኝነት አይደለም ብሎ እምቢ አለ። አንድ ሠዓሊ ይህን በጋዜጣ ሣለው፤ አንድ ባለ ሱቅም የጨርቅ ድብ ሰፍቶ በፕሬዚዳንቱ የቁልምጫ ስም «ቴዲ» አለው። ብዙ ሰው የማያወራው ግን ድቡ እንዳልተፈታ ነው። በጣም ተጎድቶ ስለ ነበር ሩዝቬልት ራሱ ከሥቃዩ እንዲገላገል አዘዘና በቢላዋ ተገደለ። አሻንጉሊቱ ይህን አይናገርም፤ ልቡን ታቅፎ ዝም ብሏል። አገራችንም ከጨርቅ ድብ ጋር ትውውቅ አላት፤ በ1972 ዓ.ም. ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ የኦሊምፒኩ ምልክት ሚሻ የተባለው የድብ ግልገል ነበር።

ሸርጣንን ግን ማንም ታሪክ አውርቶ፣ ማንም ሥሎ አላሳየንም። ድንጋይ ገልብጠን ነው ያገኘነው።

ከተማችን ስሟን የወሰደችው ከወንዙ ነው። ዋናው በለስ ሌላ ነው፤ ይኸኛው ታናሹ ስለሆነ ግልገል ተባለ። በክረምት ስሙን የማይመስል ጉልበት አለው፤ በበጋ ግን ሳስቶ ከድንጋይ ድንጋይ እየተንፏቀቀ ይሄዳል። ሸርጣን የሚገኘው ያን ጊዜ ነው። መልኩ ጥቁር ቡናማ ሲሆን ትልቁ የልጅ መዳፍ ቢሞላ ነው። ዓይኖቹ በክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ የተሰኩ ይመስላሉ። እግሩ አሥር ነው፤ ሁለቱ ፊተኞች መቆንጠጫ ናቸው። የባዮሎጂ ሰዎች የአፍሪካን የወንዝ ሸርጣኖች ፖታሞናውቴስ ይሏቸዋል፤ ከግሪክኛ ሲመለስ የወንዝ መርከበኛ ማለት ነው። መቼም ስም አውጪው ደግ ሰው ኖሯል። እኛ ምንም ስም አላወጣንለትም። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ወንዝ እንወርድና እየያዝን እግሩን እንነቅል ነበር።

ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ውርርድ ነበረው። አራት እግር ተነቅሎለት ስንት እርምጃ ይሄዳል? ስድስትስ? አንዱ እግሩ ሲያዝ ሸርጣኑ ራሱ ከመገጣጠሚያው ላይ ይጥለዋል፤ ጠላቱ እግሩን ይዞ ሲቀር እሱ ያመልጣል፤ በኋላም ቅርፊቱን ሲለውጥ አዲስ እግር ያበቅላል። ይህ የተፈጥሮ ብልሃት እንደ ሆነ የተማርነው እዚህ መጥተን ነው። ያን ጊዜ ግን ለጨዋታችን ማስረጃ አደረግነው። «ራሱ እኮ ነው የሚሰጠን!» እንባባል ነበር። ሰው ለክፋቱ ሰበብ ለማግኘት ትምህርት አያስፈልገውም፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪም ይበቃል።

አንድ ቀን አንድ ድንጋይ ገልብጠን አንዲት ሸርጣን ያዝን። ገልብጠን ሆዷን ስናይ ከሥር እንደ ክዳን የታጠፈው ቆዳዋ ተከፈተና ምስር የሚያካክሉ ሸርጣኖች መዳፋችን ላይ ፈሰሱ። እግር አላቸው፣ መቆንጠጫ አላቸው፣ ሁሉ ነገራቸው የተሟላ ነው። የባሕር ሸርጣን ልጆች ከእንቁላል ሲወጡ እናታቸውን አይመስሉም፤ በውሃ ላይ እየተንሳፈፉ ብዙ ጊዜ መልክ ይለውጣሉ። የወንዝ ሸርጣን ግን ገና ሲፈለፈል ሸርጣን ሆኖ ነው፤ ጥቂት ጊዜም እናቱ ሆድ ሥር ተለጥፎ ይቆያል። እኛ ይህን አናውቅም፤ ደስ አለን። ልጆቹን አራግፈን ውሃ ባለበት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርናቸው፤ እናቲቱን ወረወርናት። ከዚያ ኳስ ተጀመረ። ቆርቆሮውን ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ረሳነው። በማግሥቱ ስንመለስ ውሃው ደርቋል።

በዚያው ሳምንት ይመስለናል አያታችን ስለ እናት ድብ ሲያወሩ ልጆቿን የተነጠቀች ድብ የምታደርገውን ሰምተን በብርድ ልብስ የተሸፈንነው። ሁለቱን ነገር ግን አላገናኘናቸውም። እነሆ፣ ባርኔጣው አገናኘልን።

አሁን ወደ ንጽጽሩ እንመለስ። እናት ድብ ግልገሎቿን የምትወልደው በክረምቱ ብርድ በዋሻ ተኝታ፣ ወራት ሙሉ እህል ውሃ ሳትቀምስ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ፣ ዓይኑ ያልተገለጠ፣ ጥርስ የሌለው ፍጥረት ነው። እሷ ከገላዋ ስብ እየቀነሰች ታጠባዋለች። እናት ሸርጣን በበኩሏ እንቁላሎቿን፣ ኋላም ልጆቿን በሆዷ አቅፋ ድንጋይ ሥር ትሸሸጋለች። ድብና ሸርጣን የሚገናኙበት ቦታ ካለ እዚህ ይመስለናል፤ ሁለቱም ልጆቻቸውን ይዘው ከዓለም ይደበቃሉ። ታዲያ ነቢዩ የተነጠቀች እናትን ሊያሳየን ሲፈልግ ለምን ድቢቱን መረጠ? መልሱ ከባድ አይደለም። ድቢቱ ትመልሳለች። ልጇን የነካ ይበላል። ሸርጣኒቱ ብትበዛ ጣት ትቆነጥጣለች፤ እሱንም በመሐረብ ያዝ አድርጎ መከላከል ይቻላል። ለድብ ያለን አክብሮት ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱ ሲርቅ ደግሞ አሻንጉሊት እንሠራለታለን፤ ምክንያቱም ሁለት እግሩ ላይ ቆሞ ሲያዩት ሰው ይመስላል። ሸርጣን አያስፈራም፣ ሰውም አይመስልም። በሁለቱም በር የለበትም።

ይህን ሐሳብ ለአንድ ባዮሎጂ ለሚያጠና የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ብንነግረው ሳቀብን። «እናንተ የቋንቋ ተማሪዎች» አለ፤ «ሁሉን ነገር እናት ታደርጉታላችሁ። ድብ የረባ አንጎል አለው፤ ያስታውሳል፣ ይማራል፣ ግልገሉን ለዓመታት ያሳድጋል። ሸርጣን ያለው ጥቂት የነርቭ ቋጠሮ ነው። ልጆቹ ከሆዱ ከወረዱ በኋላ ቢያገኛቸው ሊበላቸውም ይችላል። የምን ኀዘን ነው የምታወራው?» ንግግሩ ግማሹ ልክ ነው። እናት ሸርጣን ታለቅሳለች አላልንም፤ ብንልም ውሸት ይሆናል። ግን አንድ ነገር እንጠይቀው፤ ኀዘን ባይኖር ሕመምም የለም ማለት ነው?

ደካርት እንስሳት እንደ ሰዓት ያሉ መኪናዎች ናቸው የሚል ትምህርት ትቶልን አልፏል። በእሱ ሚዛን ድቡም ሸርጣኑም እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ባዶ። ቤንታም በ1789 እ.ኤ.አ. ነገሩን ገለበጠው፤ ማሰብ መቻላቸውን ትታችሁ መሠቃየት መቻላቸውን ጠይቁ ነው ምክሩ። ቶማስ ኔግል የተባለው ፈላስፋ ደግሞ በ1974 እ.ኤ.አ. የሌሊት ወፍ መሆን ምን እንደሚመስል ጠየቀና ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም አለ። የሌሊት ወፍ እንኳ አጥቢ ናት፤ የሥጋ ዘመዳችን ናት። ሸርጣን መሆንስ? ቅርፊት ጠቦህ ከቆዳህ ስትወጣ፣ አዲሱ እስኪጠነክር ለስላሳ ሥጋ ሆነህ ጉድጓድ ውስጥ ስትጠብቅ? እኛ አናውቀውም። ባለማወቃችን ግን ሁለት መንገድ አለን፤ ስለማላውቅ እግሩን እነቅላለሁ ማለት፣ ወይም ስለማላውቅ እጄን እሰበስባለሁ ማለት።

ጓደኛችን ማስረጃ ይወዳልና ማስረጃም ፈለግንለት። በሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት፣ ሮበርት ኤልውድ የሚባል ተመራማሪ ከአንድ ባልደረባው ጋር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሥራ አለ። ሸርጣን ብርሃን አይወድም፤ ጨለማ መሸሸጊያ ካገኘ ይገባል። እነሱም ሁለት መሸሸጊያ አዘጋጁ፤ በአንደኛው የገባው በኤሌክትሪክ ይነዘራል፣ በሌላኛው ግን ምንም አይደርስበትም። ጥቂት ጊዜ ከተነዘሩ በኋላ ብዙዎቹ ያንን መሸሸጊያ ትተው ሌላውን መረጡ። ዝም ብሎ መፈናጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቦታ በተፈናጠሩ፤ እነሱ ግን ቦታውን አስታውሰው ሸሹ። ይህ ለብቻው ሕመምን አያረጋግጥም፤ ተመራማሪዎቹም እንዲህ በቀላሉ አይናገሩም። ቢሆንም ስዊዘርላንድ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሸርጣን ወገን የሆነውን ሎብስተር ሳያደነዝዙ በቁሙ መቀቀልን ከለከለች። እንግሊዝም በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሸርጣንና ዘመዶቹን ስሜት ካላቸው እንስሳት ጋር ቆጠረቻቸው። ጓደኛችን ይህን አንብቦ «እሺ፣ እናያለን» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

እንግዲህ ለሸርጣን ጠበቃ ሆነን ቀረን ማለት ነው? እንደሱ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። በልጅነታችን በየዓመቱ ሰዎች ረዥም ዘንግ ይዘው ወደ ሰፈራችን ይመጡ ነበር። ቁመታችን በዘንጉ ይለካና በቁመታችን ልክ ኢቨርመክቲን የሚባል ክኒን እንውጣለን። ክኒኑ በፈሳሽ ወንዝ ዳር የምትራባ ጥቁር ዝንብ ነክሳ ለምታስተላልፈው፣ ቆዳ ለሚያሳክክና ውሎ አድሮ ዓይን ለሚያጠፋው በሽታ ነው። በመተከል የታወቀ በሽታ ነው። በኬንያ ይህችን ዝንብ የሚያጠኑ ሰዎች ከዝንቧ ዝርያዎች የአንዷን እጭ በወንዙ ውስጥ ፈልገው ፈልገው ሲያጡ ኖረው በ1950 እ.ኤ.አ. አገኙት፤ ሸርጣን ላይ ተለጥፎ ነበር ለካ! ዝንቧ ያለ ሸርጣን ጀርባ አታድግም። በዚያ አገር ወንዞቹ ውስጥ ዲዲቲ ተጨመረና ዝንቧ ከአካባቢው ጠፋች።

አሁን ፍረዱ። ሸርጣኑ አልበደለም፤ የተሸከመውን አያውቅም። ሕፃኑም ዓይኑን ሊያጣ አይገባውም። እኛ በበኩላችን አናመነታም፤ የሕፃኑ ዓይን ይበልጥብናል፤ ወንዙ መታከም ካለበት ይታከም እንላለን። ይህን ካልን በኋላ ግን እጃችን ንጹሕ ነው አንልም። የሕፃኑን ዓይን ለማዳን የሞተው ሸርጣንና እኛ ለውርርድ እግሩን የነቀልነው ሸርጣን ለራሳቸው ያው ሞት ሊሆንባቸው ይችላል። ልዩነቱ ያለው በእኛ ዘንድ ነው። ያም ልዩነት ቀላል አይደለም ብለን እናምናለን፤ ይህን የምናምነው ግን በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። እስከ አሁን የዞርነውም እሱን ላለመንካት ኖሯል።

አንደኛ ደረጃ ስንማር በአንድ ዴስክ የምንቀመጥ የጉሙዝ ልጅ ነበር። ስሙን አንጽፍም። ዋና ያስተማረን እሱ ነው፤ የትኛው ድንጋይ ሥር ሸርጣን እንዳለ ውሃውን አይቶ የሚያውቅም እሱ ነው። እሱ ግን እግር አይነቅልም። የያዘውን በአንድ ምት በድንጋይ ይመታውና ፍም ላይ ጥሎ ይጠብሰዋል። አንድ ቀን ከጠበሰው ከፍሎ ሰጠን። እኛ ምን አደረግን? ተፍተን ሸሸን። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ስም ወጣለት፤ «ሸርጣን በላ»። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ተቀበለን። ለጥቂት ቀናት አብሮን ሳቀ፤ ከዚያ መሳቁን ተወ፤ ከዚያ ወንዝ መምጣቱን ተወ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዴስክ ቀየረ።

እኛ እንግዲህ መጽሐፍ አለን ባዮች ነበርን። መጽሐፉን አሁን ስንገልጠው ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በውሃ ውስጥ ከሚኖሩት ክንፍና ቅርፊት የሌላቸውን ርኩስ ይላል፤ ሸርጣን እዚያ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ዝቅ ብሎ በአራት እግር ከሚሄዱት በመዳፋቸው የሚሄዱትን ርኩስ ይላል፤ ድብም እዚያ ውስጥ ነው። ያ ሁሉ አዳራሽ የሳቀባቸው ሁለቱ ፍጥረታት በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ፍርድ ተቀምጠው ኖረዋል! እና መጽሐፉ አትብላ አለ እንጂ እግሩን ንቀል አላለም። የበላውን ስደብም አላለም። ልጁ ርቦት ወይም ጥሞት ገደለ፤ በአንድ ምት ገደለ፤ ያገኘውንም ከፍሎ ለጓደኛው ሰጠ። እኛ ሳንበላ፣ ሳይርበን፣ አሥር አሥሩን አሠቃይተን ጥለን ሄድን፤ ከዚያም ንጹሓን ሆነን ርኩስ አልነው። ስለ ኤልሳዕ ልጆች በየሳምንቱ እየሰማን የምንሳደበው እኛ መሆናችን አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለንም። ድቡ የሚመጣው ሁልጊዜ ለሌላ ልጅ ነበር።

አያታችን አንድ ቀን ይህን ስድብ ከአፋችን ሰሙ። የኤልሳዕን ታሪክ ያወሩልናል ብለን ስንጠብቅ አላወሩም። እሳቸውም ሸርጣን ሲነሣ ፊታቸው ይጨማደድ ነበር፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ ምን ያድርጉ። ለረዥም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ተዉት፤ የእግዜር ፍጡር ነው» አሉ። ስለ ልጁ ይሁን ስለ ሸርጣኑ አልጠየቅናቸውም። አሁን አርፈዋልና አይጠየቁም።

በ2012ና በ2013 ዓ.ም. በመተከል የሆነውን እዚህ ልንዘረዝር አንችልም። ከየወገኑ ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። አንድ ነገር ብቻ እንበል፤ ያን ሰሞን ሰው ስለ ሰው ሲያወራ የእንስሳ ስም ሲጠራ በጆሯችን ሰምተናል። ከሁሉም በኩል። በዕድሜ የገፉ፣ የተማሩ፣ ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ሲሉት ሰምተናል። በዚያን ጊዜ የሦስተኛ ክፍሉ ስም ትዝ አለን፤ ሆዳችንም ታወከ። የልጅ ስድብ ያን ሁሉ አመጣ አንልም፤ እንደዚያ ማለት ራስን ማግዘፍ ነው። ግን ያንን አነጋገር ስንሰማ እንግዳ አልሆነብንም፤ ከዴስካችን ላይ እናውቀዋለን።

በየካቲት ዕረፍት አገር ቤት ሄደን ነበር። ወንዙ ሳስቷል። አንድ ድንጋይ አንሥተን አየን፤ አንድ ሸርጣን መቆንጠጫውን ወደ ላይ ዘርግቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ድንጋዩን ቀስ ብለን መለስነው፤ እንደ ነበረ ግን አልገጠመም።

ከዚያ ወደ መናኸሪያው ስንወጣ አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ። እሱ ነው። ጢም አውጥቷል፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም።

«አንተ! መቼ መጣህ?»

አወራን። እናቱ ደኅና ናቸው፤ ባጃጁ የሰው ነው፤ ወደፊት የራሱን ለመግዛት ያስባል። ምን እንደምንማር ጠየቀን። የምንለው ሲጠፋን የባርኔጣውን ነገር አወራንለት። ከት ብሎ ሳቀ።

«ድብና ሸርጣን? ታዲያ ለማን ፈረድክ?»

«አልፈረድኩም፤ ወረድኩ።»

«ድብ ግን ይበላል እንዴ?»

ሌላ አገር የሚበላው ሰው አለ አልነው።

«ይጣፍጣል?»

አናውቅም አልን። ጥቂት ዝም አለ፤ መሪውን በአውራ ጣቱ መታ መታ አደረገው። ያን ጊዜ ልንለው ያሰብነው ነገር እዚህ ጉሮሯችን ድረስ መጥቶ ነበር። ሁለት ሴቶች የጤፍ ጆንያ ይዘው መጡና ከኋላ ገቡ፤ አንድ ሽማግሌም ከጎኑ ተቀመጡ። ባጃጁ ሞላ።

«ማታ ወንዝ ዳር ነኝ» አለን ሞተሩን እያስነሣ፤ «ከመጣህ ና።»